ሰብለ ወንጌልን ማን ዳራት?

መጽሐፉን የገነጣጠልኩት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በር ዘግቼ ነው። ድሬዳዋ መጋላ ካለ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት «ፍቅር እስከ መቃብር» ጀርባው ቀድሞውኑ ተላቆ፣ ሙጫው ደርቆ እንደ ብስኩት ይፈረፈር ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው የስኳርና የዘይት ሒሳብ ደምሮበታል፤ ድምሩም ስሕተት ነው። እንዲህም ሆኖ ቢላዋውን በስፌቱ መሀል ሳስገባ እጄ ተንቀጠቀጠ። እናቴ የወደቀ መጽሐፍ ካየች፣ የዳዊትም ይሁን የሒሳብ፣ አንሥታ ስማ ነበር የምታስቀምጠው። ልጇ መጽሐፍ እንደ በግ ስትበልት ብታይ ምን ትል እንደነበር ማሰብ አልፈለግኩም።

ከ500 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ 12 ጥራዝ ወጣው። እያንዳንዱን በጆንያ መርፌና በወፍራም ክር ሰፋሁት። ሽፋኑን የቆረጥኩት ከሲሚንቶ ከረጢት ነው። ሲሚንቶ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ በሚመረትባት ድሬዳዋ ከረጢት ፈልጎ የሚያጣ የለም፤ ደግሞ የውስጠኛው ልባስ ንጹሕና ጠንካራ ወረቀት ነው፣ ብዕርም ይቀበላል። ማታ አሥራ ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ስደረድራቸው የሰፈር ሱቅ የዱቤ መዝገብ ይመስሉ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሥራዬን ላሳይ ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወሰድኳቸው። ኃላፊዋን ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው፤ ከእኛ ብዙዎቹ ሳንወለድ ጀምሮ በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። አንዱን ጥራዝ አነሡት፣ ገለበጡት፣ መልሰው አስቀመጡት።

«አንቺ ልጅ፣ መጽሐፍ እንዲህ ይደረጋል?»

«በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት ነው፣ እትዬ።»

«ገንዘቡ ያንቺ ይሁን። መጽሐፉ የሀዲስ ዓለማየሁ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። የነበረኝ 58 ተማሪ እና በመደርደሪያው ላይ የቀሩ ሦስት ቅጂዎች ብቻ ነበሩ፤ ከሦስቱም አንዱ መጨረሻው ተገንጥሎ ጠፍቷል። መጨረሻው የሌለው «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ልጅ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ተጋብተው በደስታ እንደኖሩ ቢያስብ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

አማርኛ ሳስተምር ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ከዘጠኙ ሰባቱን እንደማንኛውም ሰው ነው ያስተማርኩት። ከመማሪያ መጽሐፉ ቅንጭቡን ማስነበብ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አምስት ጥያቄ መጻፍ፣ የገጸ ባሕርያቱን ስም ማስጠናት። «ጉዱ ካሣ ማን ነው?» ብዬ ለፈተና ያወጣሁትን አንድ ልጅ «ጉድ የሆነ ካሣ» ብሎ መልሶልኛል። ግማሽ ማርክ ሰጠሁት። አሁን ሳስበው ሙሉውን መንፈጌ ያሳፍረኛል፤ ካሣ ዳምጤ «ጉዱ» የተባለው ሰው ሁሉ ልክ ነው ያለውን ነገር እሱ ልክ አይደለም ስላለ አይደል? ልጁ ያጣው «ለማን ነው ጉድ የሆነው?» ብሎ የሚቀጥል ሰው ነበር። ያ ሰው እኔ መሆን ነበረብኝ።

እናቴ ግን መጽሐፉን አንድ ገጽ ሳታነብ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ከጎጃም ወደ ድሬዳዋ ያመጣት አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ከነበሩት ውድ ዕቃዎች አንዱ ሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰማችውን እስከ ዛሬ ድምፁን አስመስላ ትናገራለች። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጣ ጉሮሮዋን ትሞርዳለች። የሰብለ እናት ወይዘሮ ጥሩአይነት ስትናገር ነጠላዋን ታስተካክላለች። እናቴ ፊደል የቆጠረችው ኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ልብ ወለዱ ግን ከፊደሉ ቀድሞ ገብቷታል። እኔ ፊደል በሚያነቡ ልጆች ፊት ቆሜ ልብ ወለዱን ማስገባት አልቻልኩም።

ስለዚህ «በፈጠራ ማስተማር» የሚባለውን ነገር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሙከራ የሥዕል ውድድር ነበር፤ ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም። 58 ሰብለ ወንጌል ተሣለች። ሃምሳዎቹ የሠርግ ቤት ፎቶ ላይ ያለች ሙሽራ ትመስላለች፤ አንዷ ከንፈሯን ቀይ ተቀብታ የእጅ ሰዓት አሥራለች። ግድግዳው አማረ፤ ርእሰ መምህሩም ተደሰቱ። ከዚያ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ያንን ሁሉ ሥዕል ለመሣል አንድም ልጅ መጽሐፉን አልገለጠም። ከዚያ ቀን ወዲህ የማንኛውንም የክፍል ጨዋታ ዋጋ የምመዝነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጁ እጅ ወደ ገጹ ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም? ካልተመለሰ ሥዕሉ ሥዕል ነው፣ ድራማው ድራማ ነው፣ መጽሐፉ ግን ከመደርደሪያው አልወረደም።

ወደ ጥራዞቹ ልመለስ። አሳቤ ቀላል ነበር። ክፍሉን 12 ቡድን አደርገዋለሁ። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ጥራዝ ብቻ በሁለት ሳምንት ያነባል፤ የሌላውን አያይም። ከዚያ አንድ ዓርብ፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ አገናኝቼ፣ ዴስኮቹን ወደ ግድግዳው ገፍተን ገበያ እንቆማለን። ገንዘቡ ታሪክ ነው። የእኔን ጥራዝ ታሪክ እነግርሃለሁ፣ የአንተን ትነግረኛለህ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ሁሉም ቡድን ሙሉውን ታሪክ በቅደም ተከተል ሰሌዳው ላይ ማስፈር አለበት። ጨዋ ልውውጥ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

የማንን ልጆች እንደማስተምር ረስቼ ነበር። የአንዱ አባት ታይዋን ገበያ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። የሌላዋ እናት ቀፊራ ውስጥ ቅመም ዘርግታ ነው ያሳደገቻት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ክፍሉ ቀፊራን ሆነ። «መጀመሪያ ናሙና አሳዩን» የሚል ቡድን መጣ። ሰብለ ወንጌል ያለችባቸው ጥራዞች ዋጋ ወጣ፤ አንዱን የእሷን ትዕይንት ለመስማት ሁለት የሌላ መክፈል ግድ ሆነ። ፊታውራሪ መሸሻና ባላገሮቹ የተጋጩበት ክፍል የደረሰው ቡድን ገዢ ሲያጣ «ጠቡን ለሚገዛ አበጀ በለውን እንመርቃለን» ብሎ መጮህ ጀመረ። አንዲት ጸጥተኛ ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት፣ በዛብህ ቅኔ የሚማርበትን ክፍል ይዛ መስኮቱ ስር ተቀምጣ «በርካሽ አልሰጥም» ትል ነበር። ልክ ነች፤ ርካሽ አይደለም።

የሰባተኛው ቡድን ሻጭ ከክፍሉ ሁሉ በቁመት የሚያንስ ልጅ ነው። የራሱን ጥራዝ ቶሎ ሸጦ ጨረሰ። የሚሸጠው ሲያልቅበት ምን እንዳደረገ ያወቅኩት በኋላ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ደንበኞቹን ወደ ጥግ እየወሰደ፣ ሰብለ ወንጌል ተዳረች ብሎ ሸጠ። ዝም ብሎ «ተዳረች» ብቻ ብሎም አይደለም። እጇ ሂና ተቀባ። ሙሽራው በባቡር መጣ። ለገሃሬ ላይ ሰው ሁሉ ወጥቶ በከበሮ ተቀበለው። ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ በትሪ ተዞረ። ፊታውራሪ መሸሻ ራሱ ጨፈረ። በዛብህ ደግሞ በሠርጉ ላይ «አቦ፣ ይሁን!» ብሎ መርቆ ሄደ። ጎጃሜው ደብተራ «አቦ» ሲል የሰማ አንድ ገዢ እንኳ አልተጠራጠረም፤ ለድሬዳዋ ልጅ «አቦ» የማይል ሰው ነው የሚያጠራጥረው።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ሰሌዳውን ዞሬ አየሁ። አምስት ቡድኖች ሠርጉን ጽፈውታል። የመጨረሻውን ጥራዝ ያነበበው ቡድን ሰሌዳውን ሲያይ ተነሥቶ ጮኸ።

«ውሸት ነው! እኛ ጋ ሰብለ በዛብህን ፍለጋ ከቤቷ ወጥታ ሄዳለች! ያገባች ሴት እንዴት ትሄዳለች?»

«እኛ ግን ከፍለንበታል!»

«ማን ሸጠላችሁ?»

ጣት ሁሉ ወደ ትንሹ ልጅ ዞረ። እሱም አልደነገጠም። «ሰባተኛው ጥራዝ ላይ አለ» አለ። ያኔ ነው ከመስኮቱ ስር ያቺ ጸጥተኛ ልጅ አንድ ቃል የተናገረችው፤

«ገጽ አሳይ።»

ከዚያ የሆነውን በዘጠኝ ዓመት አይቼ አላውቅም። አሥራ ሁለቱም ጥራዝ በአንድ ጊዜ ተገለጠ። ዴስክ ላይ፣ ወለል ላይ፣ መስኮት ደፍ ላይ፣ ሦስት አራት ራስ በአንድ ገጽ ላይ ተደፍቶ። የአራተኛው ቡድን የሰባተኛውን ይገልጣል፣ የሁለተኛው የአሥረኛውን። ሚያዝያ ነበር፤ ቆርቆሮው ጣሪያ ከላይ ይንጣጣል፤ ላብ በአንገታቸው ይወርዳል፤ ክፍሉ ግን ጸጥ ብሏል። ደወሉ ተደውሎ የሌላ ክፍል ልጆች በመስኮቱ እያዩን ሲያልፉ ማንም ቀና አላለም። አንድ የትምህርት ተቆጣጣሪ ከሩብ ሰዓት በፊት በዚያው በር አልፈው ነበር፤ በማስታወሻቸው «ክፍሉ ጫጫታ ይበዛበታል» ብለው መጻፋቸውን በኋላ አነበብኩት። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ።

ሠርጉ በየትኛውም ገጽ ጠፋ። ልጁን አቆምነው። «ለምን ዋሸህ?» አልኩት፤ አስተማሪ ሁሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ። እሱ ግን የውሸታም መልስ አልመለሰልኝም።

«ቲቸር፣ አባቷ ሊድራት ይፈልጋል። ሀብታም ነው። ልጅቷም ደርሳለች። ምን የቀረ ነገር አለ? እኔ ጨረስኩለት እንጂ ምን አደረግሁ?»

«የሚመጥናት አላገኘማ» አለች አንዷ።

«ማን?»

«አባቷ።»

«እሷስ?»

«እሷስ» ያለው ማን እንደሆነ አላየሁም። ያ ጥያቄ ግን እኔ በሰባት ዓመት አምስት አምስት ጥያቄ ስጽፍ አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ያላሰፈርኩት ነው። ለሰኞ የቤት ሥራ ሆነ፤ ሰብለ ወንጌል ምን እንደምትፈልግ የተጠየቀችበትን ወይም ሳትጠየቅ የተናገረችበትን ገጽ ፈልጎ ማምጣት። ማስታወሻ፣ ጥራዝ ቁጥር፣ ገጽ ቁጥር። ያለ ገጽ የመጣ ተቀባይነት የለውም።

ልጆቹ የትንሹን ልጅ ሠርግ «ኮንትሮባንድ» ብለው ጠሩት። ከድሬዳዋ በአውቶቡስ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ኬላ ምን እንደሆነ ነጋሪ አያሻውም፤ የሌሊት ልብሱ ሳይቀር ተዘርግቶ ተፈትሿል። ለሚቀጥለው ገበያ ራሳቸው ደንብ አወጡ። በክፍሉ መሀል ኬላ ይቆማል፤ ከየቡድኑ አንድ አንድ ቀራጭ ይመረጣል፤ ቀራጩ የሚተላለፈውን ታሪክ ከጥራዙ ጋር ያመሳክራል፤ ገጽ የሌለው ዕቃ ይወረሳል። ትንሹን ልጅ ቀራጭ አደረግሁት። ከእሱ የተሻለ ፈታሽ ከዚያ በኋላ አላገኘሁም፤ ኮንትሮባንድ የት እንደሚደበቅ ያውቃላ።

ልጆቹ ኬላና ቀራጭ ሲሉ ነው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ትዝ ያለኝ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ እኛ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። ደራሲው በኋላ አገሩ ተመልሶ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኗል፤ የነጋዴዎች አለቃ፣ የቀረጥም ሹም። ባቡሩ ሐዲዱን ዘርግቶ በ1895 ዓ.ም. ከተማዋን ከወለዳት ገና ብዙም አልራቀም ነበር። አማርኛን ልብ ወለድ ያስጀመረው ሰው በእኛ ከተማ ቀረጥ አስቀርጧል። ይህንን ስነግራቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሣቀ። በሠሩት ኬላ ላይ አለቃ አገኙለት።

ከ«ጦቢያ» የወሰድኩላቸው መጀመሪያውን ብቻ ነው። አማርኛው ያጌጠና የከበደ ነው፤ ሃይማኖት ከሃይማኖት የሚጋጠምበትን የኋላ ክፍሉንም ቤተ ክርስቲያን ሳሚና መስጊድ ሰጋጅ በአንድ ዴስክ በተቀመጡበት ክፍል ለ13 ዓመት ልጅ ያለ ብዙ ዝግጅት መስጠት አልደፈርኩም። ግን አንድ ነጋዴ አለ። የተማረከ የጦር አለቃ ቤዛውን የሚከፍልበት ሲያጣ ወርቁን ሰጥቶት፣ ሳይመሰገን የሚሄድ ነጋዴ። የድሬዳዋ ልጆች ከጦርነቱም ከፍቅሩም ይልቅ የተጨነቁት ስለ እሱ ነው። «ያለ ምስክር? ያለ ደረሰኝ?» ደረሰኙን እንዲጽፉለት አደረግሁ፤ ማን፣ ለማን፣ ምን ያህል፣ ለምን ጉዳይ። «ለምን ጉዳይ» የሚለው መስመር ላይ ሁሉም ተጣበቁ። አንዷ ብቻ «ስላየው» ብላ ጽፋ ሰጠችኝ።

የአፈወርቅን ሌላ ታሪክ አልደበቅኳቸውም። በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጋር አብሯል። «ታዲያ ለምን እናነብለታለን?» አለችኝ አንዲት ልጅ፤ አያቷ ዐርበኛ ነበሩ። ረጅም መልስ ሰጠኋት፤ ሥራና ሠሪ፣ ዘመንና ሰው፣ ምናምን። ስጨርስ እኔም አላመንኩትም። ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ቀበል አድርጎ «ሻጩ ሌባ ቢሆንም ሻሹ ሻሽ ነው» አላት። «የተሰረቀ ሻሽ ግን አልለብስም» አለችው። ሁለቱም የነጋዴ ልጆች ናቸው፤ እዚያው ላይ ተውኳቸው።

ከሁሉም ጨዋታዎች ለእኔ ልብ የሚሞቀው ግን ሙግቱ ነው። የድሮ ሰው ሲሟገት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቆራኝተው፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ በማርና በበቅሎ እየተወራረዱ ነበር። ይህን የሰሙ ልጆች ሌላ ማብራሪያ አልፈለጉም። ጉዳዩ የበዛብህ ስለት ነው። ወላጆቹ፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ ልጃቸውን በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተውታል፤ ፍቅር ሲመጣ ያ ስለት ጉሮሮው ላይ ቆሟል። አባትና እናት በልጅ ሕይወት ላይ መሳል ይችላሉ ወይ?

የመጀመሪያው ችግር ከሳሽ መጥፋቱ ነበር። በዛብህ ሆኖ አባቱን የሚከስ ልጅ ከ58 አልተገኘም። «ልጅ አባቱን አይከስም፣ ቲቸር፤ ነውር ነው።» ጨዋታ መሆኑን ባስረዳም እንቢ አሉ። መፍትሔውን ያመጡት ራሳቸው ናቸው፤ ጉዱ ካሣ ነገረ ፈጅ ሆኖ ይቁምለት። ካሣ ዳምጤ ይህን ሹመት ቢሰማ የሚደሰት ይመስለኛል። ሁለቱን ተሟጋቾች ከእናቴ ቤት ባመጣሁት ነጠላ ጫፍ ለጫፍ አቆራኘናቸው። ውርርዱ በማር ፋንታ በሙሸበክ ሆነ።

የቦጋለ ጠበቃ ጎበዝ ነበር፤ «ልጁ የኖረው በስለት ነው፤ ባይሳሉ ይኖር ነበር?» ብሎ ክፍሉን አስጨበጨበ። ጉዱ ካሣን የሆነው ልጅ ሰፈሩ ገንደ ቆሬ ነው፤ በቤቱ የሚነገረው አማርኛ አይደለም፤ ሲናገር ቃል እየመረጠ፣ ቀስ ብሎ ነው።

«በላ ልበልሃ» አለ። «አያቴ ነዝር አድርጋ ታውቃለች። ነዝር ስለት ነው። ፍየል ነው የተሳለችው፤ ፍየሉ የእሷ ነበር። የጎረቤት ፍየል ብትሳል ኖሮ ማን ይቀበላታል? በዛብህ የማን ነው?»

«የአባቱ!» አለ ጠበቃው።

«ገጽ አሳይ» አለው።

ይህ ሙግት ሦስት ክፍለ ጊዜ ፈጀ። ጠበቃው የስለቱን ገጽ አመጣ፤ ያኛው በዛብህ ካደገ በኋላ በልቡ የሚሟገትበትን ገጽ አመጣ። ዳኞቹ አምስት ነበሩ፤ ሦስት ለሁለት ተከፈሉ። ሙሸበኩን ማን እንደበላው አልነግራችሁም፤ ዳኞቹ ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

እንዲህ ስል ሁሉ ነገር የሰመረ እንዳይመስል፤ ያልሠሩ ብዙ ናቸው። በዛብህ ለሰብለ የሚልከውን የስልክ መልእክት ጻፉ ብዬ አሥቄ ብቻ ቀረሁ። ድምፅ ቀድተን እንደ ወጋየሁ ንጋቱ እንተርክ ብለን ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ እየገባ ከሦስት ቀን በኋላ ተውነው። ደጋን ላሳያቸው ብዬ የእናቴን ባና አምጥቼ አንዷን ልጅ ባለብሳት፣ በዚያ ሙቀት፣ ራሷን ልትስት ደረሰች። ወላጆችም አሉ፤ «የ8ኛ ክፍል ፈተና ላይ ይህ ይመጣል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። በዚህ መልኩ አይመጣም። እውነቱን ነው የምነግራቸው።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ልጆቹ ድራማ እንሥራ አሉ። ሰብለ ወንጌልን እንድትሆን የተመረጠችው ያቺ የመስኮት ስር ልጅ ናት። በማግስቱ አባቷ ትምህርት ቤት መጡ። በጣም ትሑት ሰው ናቸው።

«እኅቴ፣ ልጄን ስለምታስተምሪልኝ አላህ ይስጥሽ። ታነባለች፣ ደስ ይለኛል። በሰው ፊት የወንድ ወዳጅ ሆና እንድትቆም ግን አልሻም።»

ተናደድኩ። ልከራከራቸው አፌን ልከፍት ስል ልጅቷ ቀደመችኝ። «ሰብለ አትውጣ» አለች። «ሁሉም ስለ እሷ ያውሩ። እሷ አትውጣ።»

እንደዚያው አደረግን። የክፍሉ ውስጠኛ በር ተዘጋ። ከበሩ ፊት ፊታውራሪ መሸሻ ስለ ትውልድ ሐረግ ይፎክራል፤ ወይዘሮ ጥሩአይነት ታዝናለች፤ አማላጅ ይመጣል፣ አማላጅ ይሄዳል፤ ባል ይመረጣል፣ ባል ይጣላል። ከበሩ ጀርባ ደግሞ የአንዲት ልጅ ድምፅ ፊደል ይቆጥራል፤ በዛብህ እያስተማራት ነው። ሀ፣ ሁ፣ ሂ። መጀመሪያ እየተደናቀፈ፣ ከዚያ ቃል፣ ከዚያ ሙሉ ዐረፍተ ነገር። ከፊት ያሉት ጮኸው ሲጨቃጨቁ ከኋላ የነበረው ንባብ መቼ እንዳቆመ ተመልካቹ አላስተዋለም። ፊታውራሪው በመጨረሻ በሩን ሲከፍተው ውስጡ ባዶ ነው። አባቷ ከሦስተኛው ረድፍ ሆነው አጠገባቸው ላለው ሰው «የምታነበው እኮ የእኔ ልጅ ናት» ሲሉ ሰማኋቸው።

ዓመቱ ሲያልቅ ጥራዞቹን ለቤተ መጻሕፍቱ ልሰጥ ይዤ ሄድኩ። የሲሚንቶ ወረቀቱ ላብና ዘይት ጠጥቶ ቆዳ መስሏል። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«አሥራ ሦስት ነው። አሥራ ሁለት አላልሽም?»

አሥራ ሦስተኛው ቀጭን ነው፤ ከደብተር የተቀደደ አራት ቅጠል፣ በዚያው ክር የተሰፋ፣ በዚያው ወረቀት የተለበደ። የትንሹ ልጅ ሠርግ ነው። ገበያው ካለፈ በኋላ ክፍሉ ሁሉ እየተቀባበለ ጽፎታል፤ ሂናው አለ፣ ባቡሩ አለ፣ ፊታውራሪው ሲጨፍር አለ። እትዬ ቆመው አነበቡት። ሁለተኛው ቅጠል ላይ ሲደርሱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ይሄ ደግሞ ከየትኛው ገጽ ነው?»

«ከየትኛውም አይደለም፣ እትዬ። ኮንትሮባንድ ነው።»

መዝገቡን ከመሳቢያ አወጡ። ከ1 እስከ 12 ያሉትን በየተራ መዘገቡ፤ «ደራሲ» በሚለው ዓምድ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሳያሳጥሩ፣ ሀዲስ ዓለማየሁ ብለው ጻፉ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው ቆመ። ትንሽ አሰቡና «7ኛ ለ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ዓምድ፣ «ምርመራ» ወደሚለው ተሻገሩ፤ በደንብ፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት «ያልተቀረጠ» ብለው ሞሉት።